ስስ አየር፣ ተገልባጭ ሮኬት፦ የጠፈር ጌም ሞዶችና የእንጦጦ ጥያቄ

ቢሾፍቱ አቅራቢያ ስለሚሠራው አዲስ ኤርፖርት ወሬው ከተጧጧፈ ወዲህ «ስስ አየር» የሚለው ቃል ከባለሙያ አፍ ወጥቶ ሚኒባስ ውስጥ ገብቷል። ነገሩ እውነት ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስት እጅ አንዱን ያህል፣ ሞቅ ባለ ቀን ደግሞ ከዚያም በላይ ይሳሳል። የአውሮፕላኑ ክንፍ የሚደገፍበት አየር ያንሰዋል። ሞተሩም የሚስበው አየር ያንሰዋል። ስለዚህ ወይ ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፣ ወይ ጭነትና ነዳጅ ቀንሶ ይነሳል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለዓመታት መንገድ ላይ ቆሞ ነዳጅ ሲሞላ፣ ከዋሽንግተን የሚመለሰው በቀጥታ ይመጣ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ቢሾፍቱ አካባቢ የተመረጠው ቦታ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል።

እስከዚህ ግልጽ ነው። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። «ለአውሮፕላን ካልተመቸ ለሮኬት ይመቻላ!» የሚል ሙግት ይከተላል። እንጦጦ 3200 ሜትር ላይ ኦብዘርቫቶሪ፣ ማለትም የከዋክብት መመልከቻ፣ አለን። ከምድር ወገብም ሩቅ አይደለንም። ታዲያ ከዚያ ለምን አናስወነጭፍም?

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ከሱሉልታ እስከ ኮዬ ፈጬ ላፕቶፕ ያለው ወጣት መልሱን ከርባል ስፔስ ፕሮግራም ከሚባለው የሮኬት ጌም ለማምጣት ቢሞክርም አይፈረድበትም። ሮኬት ሠርቶ የሚሞክርበት ሌላ ቦታ የለውም። ችግሩ ጌሙም አንድ ዓይነት መልስ አለመስጠቱ ነው። ያው ሮኬት በአንዱ ላፕቶፕ ላይ ሽቅብ ሄዶ ምህዋር ይገባል። በሌላው ላይ በተነሳ በደቂቃው ተገልብጦ ይበታተናል። «ጌሙ ተበላሽቷል» የሚለው የተለመደ ቅሬታ ከዚህ ይመጣል። አልተበላሸም። ልዩነቱ ጌሙ አየርን የሚረዳበት መንገድ ላይ ነው፤ አንዱ ላፕቶፕ ላይ ይህን መንገድ የሚቀይር ሞድ ተጭኗል።

ገንፎ የነበረው አየር

ከርባል ስፔስ ፕሮግራም ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ስኳድ የሚባል የሜክሲኮ ሲቲ ድርጅት ነው የሠራው። ዓይናቸው የፈጠጠ አረንጓዴ ፍጡራን አሉበት። ተጫዋቹ ሮኬት ገጣጥሞ እነሱን ይጭናል፣ ያስወነጭፋል፣ ብዙውን ጊዜም ያፈነዳል። ላይ ላዩን ሲያዩት የልጆች ጨዋታ ነው። ከሥሩ ያለው የስበትና የምህዋር ስሌት ግን የዋዛ አይደለም።

የዋዛ የነበረው አየሩ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 «1.0» የተባለው ዕትም እስኪወጣ ድረስ ጌሙ ድራግን የሚያሰላው ከዕቃው ክብደት ተነስቶ ነበር። ድራግ ማለት አየር የሚንቀሳቀስን ነገር ወደኋላ የሚይዝበት ኃይል ነው። ዕቃው ሹል ይሁን ድብልብል፣ ከፊት ይቁም ወይ ከሌላው ጀርባ ይደበቅ፣ ለጌሙ ልዩነት አልነበረውም።

ውጤቱ ያስቅ ነበር። አየሩን እንዲሰነጥቅ ተብሎ ሮኬቱ አናት ላይ ሹል ቆብ ቢደፋበት፣ ቆቡ ክብደት ስለጨመረ ብቻ ድራጉ ይጨምራል። ተጫዋቹም ቶሎ ገባውና ቆቡን ተወው። ድስት በድስት ላይ የተደራረበ የሚመስል ሮኬት ያለምንም ችግር ወደ ላይ ይሄድ ነበር። አየሩ ደግሞ ወፍራም ነበር። የውጭዎቹ ተጫዋቾች በቀልድ «ሾርባ» ብለውታል። እኛ ብንሆን ገንፎ ሳንለው አንቀርም።

በዚህ ገንፎ ውስጥ አንድ የመውጫ ዘዴ ተለመደ። 10 ኪሎ ሜትር እስኪሞላ ቀጥ ብሎ መውጣት፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ 45 ዲግሪ ማዘንበል። በጌሙ ያደገ ትውልድ ሁሉ ይህን በቃሉ ያውቀዋል። እውነተኛ ሮኬት እንዲህ ቢያደርግ ምን እንደሚገጥመው ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ሞዱ የሚቀይረው ምንድን ነው?

ሞድ ማለት የጌሙ ባለቤት ሳይሆን ተጫዋቾች ራሳቸው ጽፈው በነጻ የሚያካፍሉት ጭማሪ ፕሮግራም ነው። አዲስ መልክ ብቻ የሚያለብስ አለ። የጌሙን ፊዚክስ ከሥሩ ነቅሎ የሚተካም አለ። ፌራም ኤሮስፔስ ሪሰርች የተባለው ከሁለተኛው ወገን ነው። ባጭሩ ፋር ይሉታል። ኤሮዳይናሚክስን ይተካል። ኤሮዳይናሚክስ አየርና በውስጡ የሚሄድ ነገር እርስ በርስ የሚገፋፉበትን ሁኔታ የሚያጠና ትምህርት ነው።

የፋር ዋና ዘዴ ቮክስል ይባላል። ቃሉ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። የአዲስ አበባ ዳርቻ ነዋሪ በየቀኑ የሚያየው ነገር ነው፦ ብሎኬት። ሞዱ የተገጣጠመውን ሮኬት በሐሳቡ በጥቃቅን ብሎኬቶች መልሶ ይገነባዋል። ከዚያ ከአፍንጫ እስከ ጭራ እንደ ዳቦ በስስ በስሱ ይቆርጠውና የእያንዳንዱን ቁራጭ ስፋት ይለካል። አሁን ሮኬቱ የዕቃዎች ክምር መሆኑ ይቀርና አንድ ቅርጽ ይሆናል። ከሽፋን ሥር የተደበቀው ሳተላይት አየር አይነካውም። ሹሉ ቆብም በመጨረሻ ጥቅም ያገኛል።

ቁራጮቹን መለካት ለምን አስፈለገ? መልሱ ከጌም በፊት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካው ኤፍ 102 ተዋጊ አውሮፕላን የመጀመሪያ ናሙና ከድምፅ ፍጥነት ያልፋል ተብሎ ተሠርቶ ማለፍ አቃተው። የሞተሩ ጉልበት በወረቀት ላይ ይበቃ ነበር። ችግሩን ያብራራው ሪቻርድ ዊትኮምብ የተባለ መሐንዲስ ነው። በድምፅ ፍጥነት አካባቢ አየሩ የሚያየው ክንፉንና ሆዱን ለየብቻ ሳይሆን የጠቅላላውን ቁራጭ ስፋት ነው። ስፋቱ ክንፉ ጋ ሲደርስ በድንገት ካደገ አየሩ ይቆጣል። መፍትሔው ክንፉ ያለበት ቦታ ላይ የአውሮፕላኑን ወገብ ማቅጠን ሆነ። ወገቡ የቀጠነው ኤፍ 102 እ.ኤ.አ. በ1954 መጨረሻ የድምፅን ፍጥነት አለፈ። ፋር ይህንኑ ሕግ ጌሙ ውስጥ አስገብቶታል። ተጫዋቹ ገና አውሮፕላኑን ሲገጣጥም የስፋቱን መስመር ስክሪን ላይ ያያል። መስመሩ ጉብ ጉብ ካለ ገንዘቡ አየር ላይ ሊባክን ነው ማለት ነው።

ለፍትሕ ሲባል ዋናው ጌምም እንደ ድሮው አልቀረም። ከ1.0 ወዲህ እያንዳንዱ ዕቃ በስድስት ጎኑ እንደ ሳጥን ይለካል። ገንፎው ቀጥኗል፣ ሹል ቆብም ይሠራል። ግን አሁንም የሚያሰላው ዕቃ በዕቃ ነው። ለጭነት መሸፈኛ ተብሎ ከተሠራ ዕቃ በቀር፣ አንዱን ዕቃ ሌላው ሆድ ውስጥ ቢደብቁትም ውጭ እንደ ቆመ ይቆጥረዋል።

የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ

ሮኬቱ ለምን ይገለበጣል ለሚለው ከእንጦጦ ቁልቁለት የተሻለ ላቦራቶሪ የለም። አዲስ የተቆረጠ፣ ጫፉ ላይ ቅጠሉ ያልረገፈ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይያዝ። ቅጠሉን ወደ ፊት አድርጎ ይወርወር። ጥቂት እንደሄደ አየር ላይ ይዞራል። ግንዱ ፊት ይሆናል፣ ቅጠሉ እንደ ጅራት ይከተላል። በግንዱ በኩል ቢወረወር ግን ሳይዞር ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ምክንያቱ ሁለት ነጥቦች ናቸው። አንዱ የክብደት መሃል ነው። ቅርንጫፉ ጣት ላይ ሚዛኑን ጠብቆ የሚቆምበት ቦታ ማለት ነው። እሱ ወደ ግንዱ ያደላል። ሌላው የአየር ግፊት መሃል ነው፤ ነፋሱ በድምሩ የሚገፋበት ቦታ። እሱ ቅጠሉ ጋ ነው። የግፊቱ መሃል ከክብደቱ መሃል ኋላ ከሆነ አየሩ ራሱ ቀጥ ያደርጋል። ፊት ከሆነ ይገለብጣል። የሕጉ ዋና ነገር ይኸው ነው።

አሁን ጀማሪ ተጫዋች የሚገጣጥመውን ሮኬት እንይ። ከባዱ ሞተር ከታች። ከላይ ደግሞ ፓነሉ የተዘረጋ፣ አንቴናው የቆመ ሰፊና ቀላል ሳተላይት። ይህ ቅጠሉ ፊት የሆነ ቅርንጫፍ ነው። የድሮው ጌም ዝም ብሎ ያሳልፈው ነበር። ፋር አያሳልፈውም። መድኃኒቱም ሩቅ አይደለም። ሳተላይቱን በሹል ሽፋን ማልበስ፣ ከታች ጭራ ላይ ትንንሽ ክንፎች መጨመር፣ አናቱን ከባድ ማድረግ።

ሁለተኛው ጉዳይ ፍጥነት ነው። ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ በሚወርድ ሚኒባስ መስኮት እጁን ያወጣ ረዳት ይህን ያውቀዋል። በ30 ሲሄዱ ነፋሱ እጁን ይዳስሰዋል። በ60 ሲሄዱ የእጥፍ ሳይሆን የአራት እጥፍ ይገፋዋል። የአየር ግፊት ከፍጥነቱ ጋር በካሬ ያድጋል። መዳፉን ትንሽ ቢያዘነብል ደግሞ እጁ ሽቅብ ይነሳል። ይህ ሊፍት ይባላል። ኮንዶሚኒየሙ ላይ የቀረው ሊፍት ሳይሆን አየር ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል ነው።

ሮኬት ሲወጣ ሁለት ነገሮች ይሽቀዳደማሉ። ፍጥነቱ ይጨምራል፣ አየሩ ይሳሳል። መጀመሪያ ፍጥነቱ ይበልጥና ግፊቱ ያድጋል። ቆይቶ ስስነቱ ያሸንፍና ይወርዳል። መሃል ላይ አንድ ከባድ ጫፍ አለ። ማክስ ኪው ይባላል። ለብዙ ትልልቅ ሮኬቶች ከ10 እስከ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ ይገኛል። የአሜሪካ ስፔስ ሸትል እዚህ ጋ ሲደርስ የሞተሩን ጉልበት ይቀንስ ነበር። ያ የቆየው የጌም ዘዴ፣ 10 ኪሎ ሜትር ላይ በአንድ ጊዜ 45 ዲግሪ ማዘንበል፣ ማድረግ የማይገባውን ነገር ልክ በማይገባው ቦታ ማድረግ ነበር።

አፍንጫው የሚያይበት አቅጣጫና ሮኬቱ በእውነት የሚሄድበት አቅጣጫ ሲለያዩ በመካከላቸው ያለው አንግል «አንግል ኦፍ አታክ» ይባላል። ፋር ይህን ቁጥር በበረራ ላይ ያሳያል። ልምድ ያለው ተጫዋች ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው እሱን ነው። ከጥቂት ዲግሪ እንዲያልፍ አይፈቅድም። ለዚህም ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ በጣም ትንሽ ያዘነብልና ቀሪውን ለስበት ይተዋል። ስበቱ መንገዱን ቀስ በቀስ ያጎብጠዋል፣ አፍንጫውም መንገዱን ይከተላል። የእውነተኞቹም አወጣጥ በመሠረቱ ይኸው ነው።

ይህን ያልጠበቀ ሮኬት ምን እንደሚሆን ለማወቅ ጌም አያስፈልግም። የአውሮፓው አሪያን 5 እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወነጨፍ ሞተሩ አልተበላሸም፣ ነዳጁም አልፈሰሰም። ከቀድሞው አሪያን 4 የተወሰደ ሶፍትዌር ውስጥ አንድ ቁጥር ከተመደበለት ቦታ በላይ ሆነ። ኮምፒውተሩ የተሳሳተ ትእዛዝ ሰጠ፣ የሞተሮቹ አፍ ወደ ጎን ዞረ፣ አንግል ኦፍ አታኩ ከ20 ዲግሪ አለፈ። የቀረውን አየር ጨረሰው። ሮኬቱ 40 ሰከንድ ገደማ ሲሆነው ተበታተነ፤ 3700 ሜትር ያህል ላይ። ከእንጦጦ አናት በ500 ሜትር ብቻ የሚበልጥ ከፍታ ነው። «አየሩ ስስ ነው» የሚባለው ቦታ ሮኬት ለመስበር በቂ አየር አለው።

የቡሄ ጅራፍ

ፋር ከሚያመጣቸው ችግሮች ሁሉ ተጫዋቹን የሚያደናግረው የድምፅ ፍጥነት አካባቢ የሚሆነው ነው። ሮኬቱ ደህና ሲሄድ ቆይቶ በሰከንድ 300 ሜትር ገደማ ሲደርስ ድራጉ ይዘላል። ትንሽ አልፎ ደግሞ ይረጋጋል። ብልሽት ይመስላል።

ነሐሴ ሲገባ በከተማው ዳርቻ ሜዳዎች ላይ የሚጮኸው የቡሄ ጅራፍ ይህንኑ ያስረዳል። ልጁ ጅራፉን ሲያወናጭፍ እንቅስቃሴው ከወፍራሙ በኩል ወደ ቀጭኑ ጫፍ ይጓዛል። ጫፉ እየቀለለ ሲሄድ ፍጥነቱ እየጨመረ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ድምፅን ይቀድማል። ያ «ጧ!» የሚለው ጩኸት ጅራፉ መሬት ወይም ሰው በመምታቱ የመጣ አይደለም። አየሩ ሸሽቶ ቦታ ለመልቀቅ ጊዜ ሲያጣ የተጨናነቀበት ድምፅ ነው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚለው ተረት በፊዚክስም ልክ ነው።

አየር ከፊቱ የሚመጣውን ነገር የሚያውቀው በድምፅ ፍጥነት በሚጓዝ የግፊት ሞገድ ነው። ከዚያ ዝግ ብሎ የሚመጣውን ቀድሞ ያውቅና መንገድ ይለቅቃል። እኩል ወይም ቀድሞ የሚመጣው ድንገት ይደርስበታል። ሞገዱ ይከመራል፣ ክምሩን ለመግፋት ጉልበት ይጠፋል። ኤፍ 102ን የያዘው ይህ ነው። ገንፎው አየር ይህ ጠባይ አልነበረውም።

ቀለለ ወይስ ከበደ?

«ሪያሊስቲክ ሞድ ጫንኩ» ሲባል ሰሚው ጌሙ የከበደ ይመስለዋል። ቁጥሮቹ ሌላ ይላሉ።

የጠፈር ሰዎች ርቀትን በኪሎ ሜትር አይለኩም። ዴልታ ቪ የሚሉት መለኪያ አላቸው። ሮኬቱ ነዳጁን ሁሉ ጨርሶ ሊያመጣ የሚችለው የፍጥነት ለውጥ ነው። የኪስ ገንዘብ ማለት ነው። በድሮው ገንፎ አየር ከጌሙ ፕላኔት ከከርቢን ምህዋር ለመግባት በሰከንድ 4500 ሜትር ገደማ ያስፈልግ ነበር። አየሩ በ1.0 ከተስተካከለ በኋላ 3400 አካባቢ ይበቃል። በፋር በደንብ የተሠራ ሮኬትም ከዚሁ አይርቅም። የበለጠ እውነተኛው አየር ከገንፎው ከ1000 ሜትር በላይ አተረፈ።

እንግዲህ እውነተኛ አየር መንገዱን አሳጥሮታል። ግን አጥብቦታል። ድሮ ማንኛውም ቅርጽ በጉልበት ይወጣ ነበር። አሁን ትክክለኛው ቅርጽ በትንሽ ነዳጅ ይወጣል፣ የተሳሳተው ግን የፈለገውን ያህል ነዳጅ ቢጨመርለት አይወጣም። የሮኬት ሥራ ባሕርይም ይህ ስለሆነ፣ ሞዱ ከሚያስተምረው ሁሉ ዋናው ይህ ይመስለኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ከርቢን አሻንጉሊት ፕላኔት ናት። ከመሃል እስከ ገጿ 600 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ የምድር 6371 ነው። ስበቷን ግን ገጿ ላይ ከምድር እኩል አድርገውታል። በምህዋሯ ለመዞር በሰከንድ 2.3 ኪሎ ሜትር ይበቃል፤ በምድር ግን 7.8 ይፈለጋል። ስለዚህ ፋር ብቻውን ሲጫን እውነተኛ አየር በአሻንጉሊት ፕላኔት ላይ ነው የሚሆነው። መጠኑንም እውነተኛ ለማድረግ ሪል ሶላር ሲስተም የሚባለውን ሞድ ይጨምሩበታል። ያኔ 3400 የነበረው 9400 ይሆናል። ቀልዱ ያልቃል።

ክርክሩ

ተጫዋቾች በዚህ ላይ አይስማሙም። አንደኛው ወገን «ከ1.0 ወዲህ ያለው አየር ይበቃል» ይላል። ጌሙ የሚያስተምረው ምህዋርን ነው፣ ምህዋር ደግሞ ከአየር በላይ ነው። ጀማሪን ከመጀመሪያው ቀን በአንግል ኦፍ አታክ ማስጨነቅ ከነጭራሹ ያስተወዋል። ሌላው ወገን መጥፎ ልማድ አንዴ ከገባ አይለቅም ባይ ነው።

የሁለቱም ሐሳብ ሥፍራ ሥፍራ አለው። ጨረቃ ደርሶ መመለስ ለሚፈልግ ዋናው ጌም በቂ ነው። አውሮፕላን ለሚሠራ ግን ፋር የሌለበት ክንፍ ብዙ አያስተምርም። እዚህ ለሚኖር ሰው ደግሞ የአቅም ጉዳይ ይገባበታል። ፋር ራሱ ትንሽ ፋይል ነው፣ በአንድ ቀን ዳታ ይወርዳል። ብሎኬቱን ሲቆጥር ግን የደከመ ላፕቶፕን ያስጨንቃል። ሪል ሶላር ሲስተም የምድርን ምስል ይዞ ስለሚመጣ ዳታውንም ሜሞሪውንም ይበላል። ሁሉ ነገር ተጭኖ ሊነሳ ሲል መብራት መጥፋቱ ደግሞ የትኛውም ሞድ ያላሰበው ነው። ሌላው ጣጣ ሞዱ ከጌሙ ዕትም ጋር ካልገጠመ አለመነሳቱ ነው። ፋርን መጀመሪያ የጻፈው ሰው ከተወው በኋላ ሌሎች ተረክበው አስቀጥለውታል። የጌሙ ሁለተኛ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2023 ተጀምሮ በ2024 ሥራው ስለቆመ ብዙ ሰው ዛሬም በመጀመሪያው ላይ ነው።

«እውነተኛ» የሚለው ቃልም ልኩን ይያዝ። ፋር አየርን ራሱን አያሰላም። የአየር መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት ትልቅ ስሌት አንድን ቅርጽ ለማየት ሰዓታት ወይም ቀናት ሊወስድ ይችላል። ጌም ደግሞ በሰከንድ ብዙ ጊዜ መልስ ማግኘት አለበት። ስለዚህ ፋር የሚሠራው በደንብ በተፈተኑ አቋራጮች ነው። ነፋስ በራሱ አያነፍስም። ከሞተሩ የሚወጣው እሳት የአየሩን ፍሰት እንዴት እንደሚለውጥ አያይም። ክንፍ ሲበዛበት ይሰበራል፣ ይህ ጥሩ ነው፤ ከመሰበሩ በፊት ግን እንደ እውነተኛ ክንፍ አይለምጥም። «ጌሙ ላይ ሠርቷል» ማለት «ይሠራል» ማለት አይደለም። «ጌሙ ላይ ተገለበጠ» ማለት ግን ብዙውን ጊዜ ሊሰሙት የሚገባ ነገር ነው።

ከእንጦጦ ቢወነጨፍስ?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ሦስት ነገሮች ተቀላቅለዋል፤ ከፍታው፣ ምድር ወገቡና ቦታው።

ከፍታው ይጠቅማል፣ ግን የሚታሰበውን ያህል አይደለም። ምህዋር ለመግባት ከሚያስፈልገው 9400 ውስጥ ትልልቅ ሮኬቶች ለድራግ የሚከፍሉት ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሜትር በሰከንድ ገደማ ነው። ከስበት ጋር ለመታገል የሚጠፋው ግን ከ1000 በላይ ነው። እንጦጦ ላይ አየሩ ከሩብ በላይ ይሳሳል። ከድራጉ ግማሹ ተቀነሰ ብንል እንኳ ትርፉ ከጠቅላላው አንድ በመቶ አይሞላም። የሞተሩ አፍ በስስ አየር ትንሽ የተሻለ መግፋቱ ይጨመርበት። ለትንሽ የተማሪ ሮኬት ግን ስሌቱ ይለወጣል። ትንሽ ነገር ከክብደቱ አንጻር ብዙ ገጽ ስላለው ድራግ ይጫነዋል። ስለዚህ ያው ሮኬት ከባሕር ዳርቻ ይልቅ እንጦጦ ላይ በግልጽ ከፍ ብሎ ይወጣል።

ምድር ወገቡ የተሻለ ሙግት ነው። ምድር ስትዞር ወገቧ ላይ በሰከንድ 465 ሜትር ትፈጥናለች። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስላለች 460 ገደማ ታገኛለች። በካዛኽስታን ያለው የባይኮኑር ማስወንጨፊያ 320 ገደማ ብቻ ነው የሚያገኘው። ወደ ምሥራቅ የሚወነጨፍ ሮኬት ይህን በነጻ ይወስዳል። ነገር ግን ወደ ምሥራቅ ለሚሄድ ብቻ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት የመሬት ምልከታ ሳተላይት ናት። እንዲህ ያሉት ብዙውን ጊዜ የሚዞሩት በሁለቱ ዋልታዎች በኩል ነው። ለእነሱ የምድር ወገብ ስጦታ ምንም አይጠቅምም።

የቀረው ቦታው ነው። ሮኬት ነዳጁ ያለቀበትን የታች ክፍል እየጣለ ነው የሚሄደው። የመጀመሪያው ክፍል ብዙውን ጊዜ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይወድቃል። ለዚህ ነው ማስወንጨፊያዎች ባሕር ዳርቻ የሚበዙት። ጎረቤታችን ኬንያ ማሊንዲ አጠገብ ባሕር ላይ በቆመ መድረክ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 1970 ኡሁሩ የተባለችው የኤክስሬይ ሳተላይት ስትወነጨፍ ከፊቷ የነበረው የሕንድ ውቅያኖስ ነው። ቻይና ከመሃል አገር ስለምታስወነጭፍ ደግሞ የሮኬት ቁራጭ ገጠር መንደር አጠገብ ሲወድቅ በተደጋጋሚ ታይቷል። ከእንጦጦ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሮኬት ሥር ሚንጃር፣ አዋሽ፣ ድሬዳዋና ጅግጅጋ አሉ። በዋልታ በኩል ወደ ሰሜን ቢዞር ጎጃም አለ።

የከርባል ስፔስ ፕሮግራም ሠሪዎች ማስወንጨፊያውን ያስቀመጡት ልክ ምድር ወገብ ላይ፣ ባሕር ዳርቻ ነው። በስተምሥራቅ ያለው ውኃ ብቻ ነው። ሪል ሶላር ሲስተም ሲጫን ምድሪቱ ትክክለኛ መጠኗን ታገኛለች፣ ተራራውም ሜዳውም ቦታ ቦታውን ይይዛል። በሚንጃር በኩል ጤፍ የሚያጭደው ገበሬ ግን ካርታው ላይ የለም።